ከግንባታ በፊት የሚካሄድ የአፈር መታመቅና የስምጠት ምርመራ

ማንኛውም ሕንፃ ክብደቱን የሚያሳርፈው በአፈር ላይ በመሆኑ፣ አፈሩ ምን ያህልና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚታመቅ የመሠረቱ ዲዛይን ከመጠናቀቁ በፊት በላቦራቶሪ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል።

አሸዋማ አፈር ጭነት እንዳረፈበት ስለሚታመቅ፣ ስምጠቱ በአብዛኛው በግንባታው ወቅት ያበቃል። ውሃ ያዘለ ሸክላማ አፈር ግን የሚታመቀው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ሲወጣ በመሆኑ፣ ስምጠቱ ሕንፃው አገልግሎት መስጠት ከጀመረ በኋላም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ይህን ሂደት በስሌት ያብራራው መሐንዲሱ ካርል ቴርዛጊ ሲሆን፣ ሥራውን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው።

ምርመራው የሚካሄደው ኦዶሜትር በተባለ መሣሪያ ነው። ተፈጥሯዊ ይዞታው ሳይናጋ ከጉድጓድ የወጣ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ናሙና በብረት ቀለበት ውስጥ ይቀመጥና ከላይና ከታች ውሃ የሚያሳልፉ ድንጋዮች ይደረጉበታል። ጭነቱ በየ24 ሰዓቱ በእጥፍ፣ ለምሳሌ ከ50 ወደ 100፣ ቀጥሎም ወደ 200 እና 400 ኪሎ ፓስካል እያደገ የናሙናው ውፍረት መቀነስ ይመዘገባል። ምርመራው ከ1 ሳምንት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ጊዜውና ወጪው በፕሮጀክቱ ዕቅድ አስቀድሞ ሊያዝ ይገባል።

የአፈሩ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ለመታመቅ የሚፈጀው ጊዜ 4 እጥፍ ይሆናል። በዚህም መሠረት የ2 ሴንቲ ሜትር ናሙና በ1 ሰዓት ከታመቀ፣ ውሃው በተመሳሳይ ሁኔታ ከላይና ከታች የሚወጣለት የ2 ሜትር ንጣፍ 10 ሺህ ሰዓት ወይም 14 ወር ገደማ ይፈጅበታል።

ሕንፃው በእኩል መጠን ቢሰምጥ በአካሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው። ግድግዳ የሚሰነጠቀውና ሕንፃ የሚያዘነብለው ግን አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጥ ሲሰምጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1173 ግንባታው የተጀመረው የጣሊያኑ የፒዛ ግንብ ያዘነበለው በለስላሳ አፈር ላይ በማረፉ ሲሆን፣ ግንባታው መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መቋረጡ አፈሩ ታምቆ እንዲጠነክር በማስቻሉ ግንቡን ከመውደቅ እንዳዳነው ይታመናል።

በአዲስ አበባ ቦሌን በመሳሰሉ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚኮማተር በመሆኑ፣ ከስምጠቱ በተጨማሪ የእብጠት ግፊቱ በዚሁ መሣሪያ ይለካል።

በመሆኑም የምርመራ ሪፖርት የሚቀበል ኃላፊ ናሙናው ያልተናጋ መሆኑን፣ ጥልቀቱ መመዝገቡን፣ የተሞከረው ጭነት ሕንፃው ከሚያሳርፈው ጋር መመጣጠኑን፣ እንዲሁም የሚጠበቀው ስምጠትና በምሰሶዎች መካከል የሚኖረው ልዩነት በሚሊ ሜትር መገለጹን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።