ጣት ብሩሽ የሆነበት ክፍል

በግድግዳ መጠን በተሠራ የመስተዋት ገጽ ላይ በዐሥር ጣቶቹ እየዳሰሰ ሥዕል የሚሥል ሰው ያየ ሁሉ፣ ጥበቡ ትናንት የተወለደ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ታሪኩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ይበልጣል፤ መነሻውም መስተዋት አልነበረም።

ማይረን ክሩገር የተባለው አሜሪካዊ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር «ግሎውፍሎው» የተሰኘ፣ የሰው እግር ወለሉን ሲረግጥ በብርሃንና በድምፅ የሚመልስ ጨለማ ክፍል አሳየ። በ1970 «ሜታፕሌይ» ተከተለ። በዚያው ሰሞን ክሩገር በአዳራሹ፣ ባልደረባው ደግሞ ርቆ በኮምፒዩተሩ ማእከል ሆነው አንድ የማሽን ብልሽት ሲፈልጉ፣ የሁለቱም እጅ ምስል በአንድ የቪዲዮ መስኮት ተደራርቦ ይታያቸው ነበር። የክሩገር እጅ ምስል የባልደረባውን ምስል ሲነካ፣ ሰውየው እጁን ሸሸት አደረገ። የተነካው ምስሉ፣ የሸሸው ግን ሥጋው ነው! እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ እውነተኛ የልደት ቀን ያ ነው።

ከዚህም «ቪዲዮፕሌስ» ተፀነሰ፤ በ1975 በሚልዋኪ ከተማ ለሕዝብ ታየ። እያደር በተሻሻለው በዚህ ሥራ ካሜራ የጎብኚውን ጥላ ይይዛል፣ ኮምፒዩተሩም ቅርጹን ያነባል። አመልካች ጣት ሲቀሰር በአየር ላይ ያለፈበት መንገድ በመጋረጃው ላይ ቀለም ሆኖ ይቀራል፤ አምስቱ ጣቶች ሲዘረጉ ሁሉም ይጠፋል። ብዕር የለም፤ ጓንትም የለም። የቴአትር ሰው ነኝና ይህ ያሳስበኛል፤ ደራሲው ቃል አልጻፈም፣ ሕግ ብቻ ደነገገ፤ ተውኔቱን የሚፈጥረው ገና ከደጅ የገባው ተመልካች ነው። ታዲያ ሠዓሊው ማን ይባል? በ1990 የኦስትሪያው አርስ ኤሌክትሮኒካ ታላቁን ሽልማት የሰጠው ለክሩገር ነበር።

መስተዋቱ በሌላ መንገድ መጣ። በ1982 ኒሚሽ ሜታ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከደብዛዛ መስተዋት ጀርባ ካሜራ አኑሮ የጣቶችን ጥላ አስነበበ። በ2006 ጄፍ ሃን ሰፊ ገበታ ይዞ ቀረበ፤ በገበታው ውስጥ ታምቆ የሚጓዘው ብርሃን ጣት በተጫነበት ነጥብ ያመልጣል፣ ካሜራውም ያንን ነጥብ ይለቅማል። በዚህም ብዙ ጣቶች በአንድ ጊዜ መሥራት ቻሉ፤ እጅም የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር አገኘ።

ሆኖም መስተዋቱ የሚያውቀው የጣትን ጫፍ ብቻ ነው። በክሩገር ክፍል ጎብኚው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በሥዕሉ ውስጥ ይገባ ነበር፤ «ክሪተር» የምትባል፣ ከመስመር የተሠራች ትንሽ ፍጡርም ጥላውን ተንጠላጥላ ትወጣና አናቱ ላይ ትጨፍር ነበር።