ባንድ ዓይን የተሳሉት ዳይሬክተር

ከመራዊ ባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ሚኒባሱ ሰው ሞልቶ እስኪነሳ የሚፈጀው ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ባሕር ዳር አላበቃሁም፤ በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ፣ በቡናው ጫካ ሽቅብ ወጥቼ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባሁ። ሰበቡ የጋዜጣው አዘጋጅ ነው። «የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ2020 ሰባ ዓመት ይሞላዋል፤ ከወዲሁ አንድ ነገር በለን» አለኝ።

የመቅደሱ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው የጨርቁ ድርና ማግ ከቀለሙ ሥር ይለያል። ጻድቃኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል። ክፉዎቹ በጎን የቆሙ፣ ባለ አንድ ዓይን ናቸው። የድሮ ሠዓሊ ፍርዱን የሚሰጠው በዓይን ቁጥር ነው።

የትምህርት ቤቱ መሥራች ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ይህን ደንብ የሚያውቁት ከቤታቸው ነው። ሰላሌ ተወልደው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ዘመዶቻቸው ሥር አደጉ። በቺካጎ የጥበብ ኢንስቲትዩት ትምህርታቸውን በ1946 ዓ.ም. ፈጽመው ተመለሱ፤ በ1950 ትምህርት ቤቱን መሥርተው እስከ አብዮቱ ድረስ በዳይሬክተርነት መሩት። እዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ነው። አንዱ ወገን፣ አለ ያዩትን አስመስለው መሣል የሚያስተምሩ የድሮ ሰው ነበሩ ይላል። ትምህርት ቤቱን ያነቃው ከኮሎኝ የተመለሰው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው፤ ከፓሪስ የመጣው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በዚህ ወግ ዳይሬክተሩ መዝገብ ያዥ ናቸው፤ ባንድ ዓይን ተሥለዋል።

እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በአለ ሸራ ላይ ሰው ሰው ይመስላል። የገብረ ክርስቶስ ሸራ አንዳንዴ ክብና ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። እስክንድር ደግሞ የደብተራውን ክታብ ከአፍሪካ ጭምብልና ከፓሪሶቹ ሱሪያሊስቶች ጋር አዋህዷል፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም «የጁጁ ሠርግ» የተባለ ሥዕሉን ገዝቶለታል። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር ሲያስተምሩ የቤቱ አለቃ ማን ነበር? የራሱን እጅ የማይመስል እጅ ወደ ቤቱ ያስገባ አለቃ፣ በእኔ ሚዛን፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይገቡታል።

እስክንድር ሦስት ዓመት ያህል አስተምሮ አሜሪካ ገባ፤ ለብዙ ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1995 አረፈ። ገብረ ክርስቶስም በስደት አሜሪካ ሞተ። ከአለ በኋላ ወንበሩን አብዱራህማን ሸሪፍ ያዙት፤ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ ትምህርት ቤቱም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱን ያቀፈው የዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ በእስክንድር ስም ተጠራ። ከሥሩ የሙዚቃው ትምህርት ቤት ያሬድ፣ የቴአትሩ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የሥነ ጥበቡ አለ ተባለ። (ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ሰው መሆናቸውን ሳይጠቅስ የሚያልፍ ጎጃሜ ካለ እኔ አይደለሁም።) ሦስት ዓመት ያስተማረው ከላይ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የመሩት ከታች። አለ በ2008 እስኪያርፉ ድረስ ይህን ታፔላ በሕይወታቸው አዩት።

አመሻሽ ላይ መራዊ ስወርድ፣ አስፋልቱ ዳር አንድ ልጅ ስልኩን በግራ እጁ ይዞ የፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ፊት ይሥላል። ቁርጡ እንዲታይ ፊቱን በጎን አድርጎታል፤ አንድ ዓይን ብቻ።

«አለ የሚባል የሥዕል ትምህርት ቤት ታውቃለህ?» አልኩት።

ብሩሹን ሳያነሳ፣ «እዚህ አለ እንዴ?» አለኝ።