ወጋጎዳ

ወጋጎዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛን እና ዳውሮኛን አንድ ላይ ለመጥራት የወጣ የወል ስም ነበር። ስሙ የአራቱ ብሔረሰቦች ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት (ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ) ተገጣጥመው የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ማንም በዚህ ስም አይጠራም ነበር።

አራቱ ቋንቋዎች በጣም ይቀራረባሉ። የቋንቋ አጥኚዎች ከሌሎች ዘመዶቻቸው ጋር «ኦሜቶ» በሚል ስም ይመድቧቸዋል፤ ኢጣሊያዊው ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ይህንኑ ስም ተጠቅሟል። ኦሜቶ ለምደባ ይጠቅማል እንጂ የሕዝብ መጠሪያ አይደለም፤ ራሱን «ኦሜቶ ነኝ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ወጋጎዳ ግን ከምደባ አልፎ ትምህርት ቤት ገባ። ከአራቱም የተውጣጣ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ተዘጋጅቶ የመማሪያ መጻሕፍት ታተሙበት። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጻሕፍቱም ከትምህርት ቤት ወጡ። የተቃውሞው ምክንያት የቋንቋዎቹን ዝምድና መካድ አልነበረም። ልጆች በየትኛውም ቤት የማይነገር ቅልቅል ቋንቋ እንዲማሩ መደረጉ፣ የወላይታም ስም ወደ አንድ ፊደል ማጠሩ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ተከፍሎ የወላይታ፣ የጋሞ ጎፋ እና የዳውሮ ዞኖች እንዲሁም የባስኬቶ እና የኮንታ ልዩ ወረዳዎች ተቋቋሙ። የኩልፎ ወንዝ የሚያልፍባት አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ሆና ቀጠለች። ጋሞ እና ጎፋም በ2011 ዓ.ም. ተለያዩ።

ዶርዜ እና ጋሞ

የክፍል ስም ለሙሉው የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ዶርዜ በጨንቻ አካባቢ ከሚገኙት የጋሞ ደሬዎች (ነባር አገሮች) አንዱ ነው። በአዲስ አበባ፣ በተለይ በሽሮ ሜዳ፣ ከዶኮም ሆነ ከሌላ ደሬ የመጣው ሸማኔ ሁሉ «ዶርዜ» ሲባል ኖሯል፤ አንዳንዴም በንቀት። ስለ ሕዝቡ በጠቅላላ ሲነገር ተገቢው ስም ጋሞ ነው፤ ዶርዜ ለዶርዜ ሰው ይቀራል።

«ጋሞ» ራሱም ቢሆን በዞኑ ለሚኖረው ሁሉ አይሆንም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉት ዘይሴዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራም ለብቻቸው ተቆጥረዋል። ስለዚህ አንድ ዘይሴ የጋሞ ዞን ነዋሪ ይባላል፣ ጋሞ ግን አይባልም።