የ65ቱ ቋጠሮዎች ዜና

ይህ በአልጀብራ ገጾች ላይ ስለሚገኙ ቋጠሮዎችና ስለ ቆጣሪዎቻቸው የሚናገር ዜና ነው፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቋጠሮ ማለት ልሙጡ ገጽ፣ ሁለት የመሶብ ክዳኖች ጫፍ ለጫፍ የገጠሙ ይመስል፣ አንዲት ነጥብ ላይ የሚጠብበት ስፍራ ነው። ገጹ የተዘረጋው በውስብስብ ቁጥሮች ፕሮጀክቲቭ ህዋ ውስጥ ነው፤ በዚያ ትይዩ መስመሮች እንኳ ወሰን በሌለው ርቀት ይገናኛሉ። ሊቃውንቱ የጠየቁት፣ የገጹ እኩልታ ዲግሪ ከታወቀ ቋጠሮው ቢበዛ ስንት ይሆናል ብለው ነው።

ለሦስተኛው ዲግሪ 4 ሆነ። በ1864 ኩመር የአራተኛውን 16 አሳዩ። በ1940 ደግሞ የኢጣሊያው ኮሚኒስት መሪ የፓልሚሮ ቶሊያቲ ወንድም ኤውጄንዮ ባለ 31 ቋጠሮውን አምስተኛ አገኙ፤ ከዚያ እንደማይበልጥ ቦቪል እስኪያረጋግጡ ግን 40 ዓመት ያህል አለፈ።

ስድስተኛው ግን አስቸገረ።

በ1946 በሮም ስመ ጥር የነበሩት ፍራንቼስኮ ሴቬሪ «ከ52 አይበልጥም» የሚል ማረጋገጫ አወጡ። ማረጋገጫው ስህተት ነበረ፤ ብዙም ሳይቆይ አፍራሽ ምሳሌ ያመጣው ሌላ ሰው ሳይሆን የቀድሞ ረዳታቸው ቤኒያሚኖ ሴግሬ ነበሩ። ቁጥሩም ወጣ፤ በ1982 ካታኔዜና ቼሬዛ 64 አደረሱት። በ1984 ጃፓናዊው ሚያኦካ ከላይ 66 ላይ አጠሩት።

በ1996 ጀርመናዊው ቮልፍ ባርት ባለ ሃያ ፊቱን አይኮሳሄድሮን ይዘው መጡ። አሠራራቸው ያማረ ነው፦ በዚያ ቅርጽ ሥርዓት የቆሙ ስድስት ጠለሎችን ወስደው እኩልታቸውን አባዙ፣ ከዚያ የአንድን ሉል እኩልታ ካሬ በተመረጠ ቁጥር ለክተው ቀነሱ። ስድስቱ ጠለሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው 15 መስመር ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ሉሉን ሁለት ቦታ ይወጋል፣ ወሰን በሌለው ርቀትም አንድ ነጥብ አለው። 30 እና 15፣ 45። ቁጥሩ በወርቃማው ውድር ሲመረጥ ሌላ 20 ቋጠሮ ብቅ ይላል። 65!

ታዲያ 66ኛውስ? በ1997 ጃፌና ሩበርማን በሩን ዘጉ፤ መሣሪያቸውም የመልእክት ስህተት ለማረም ከሚያገለግሉት ኮዶች ንድፈ ሐሳብ የተወሰደ ነበር።

ስለ ሰባተኛው ዲግሪ፣ ኦሊቨር ላብስ እኩልታውን መጀመሪያ በትናንሽ ውሱን የቁጥር ሥርዓቶች በኮምፒውተር አድነው ባለ 99 ቋጠሮ ገጽ አገኙ። ከላይ ያለው ወሰን 104 ነው።