የቦታ ስምና የትውልድ መዝገብ

የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በኮምፒዩተር ለመመዝገብ የሞከረ ሁሉ፣ ከሰው ስም ይልቅ የቦታ ስም እንደሚያስቸግር ሳይገነዘብ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ታላቅ ወንድም የክርስትና ወረቀት «ቢሾፍቱ» ይላል፤ የታናሽ እኅቱ ደግሞ «ደብረ ዘይት»። ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ቤት ነው፤ በመካከሉ የከተማይቱ ስም ተለውጦ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ሁለት ቦታዎች አድርጎ ከመዘገባቸው በኋላ፣ ሁለተኛውን ኢየሩሳሌም አጠገብ ካለው የደብረ ዘይት ተራራ ላይ አኖረው። አዳማን «ናዝሬት» ብሎ ያስገባ አንድ ባልደረባም ዘመዶቹን ገሊላ ውስጥ አግኝቷቸዋል።

ስሕተቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄድኮም የተባለው የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት፣ የቦታ ስም ከትንሹ ወደ ትልቁ አስተዳደር በነጠላ ሰረዝ እየተለየ እንዲጻፍ ያዛል። በእኛ አገር ግን እርከኖቹ ራሳቸው አልረጉም። ቢሾፍቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በየረርና ከረዩ አውራጃ፣ በአድአ ወረዳ ትገኝ ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ናት። አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶም ጊዮን ተብለው ቆይተው ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል፤ መንቆረር ግን ደብረ ማርቆስ እንደ ሆነች ቀርታለች። በ1942 ዓ.ም. የተወለደን ሰው «ኦሮሚያ ክልል» ብሎ መመዝገብ በዘመኑ ያልነበረን አስተዳደር መፍጠር ነው፤ የጥንቱን ብቻ መጻፍም የዛሬውን ፈላጊ ያሳስታል።

ፊደላችንም የራሱን ድርሻ ያክላል። ዐድዋ፣ ዓድዋ፣ አድዋ ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ ሦስት ናቸው። በላቲን ሲጻፉ የሚበዙትን መቍጠር አያስፈልግም።

አንዲት አረጋዊት «የት ተወለዱ?» ተብለው ሲጠየቁ የታቦቱን አጥቢያ፣ ወንዙን፣ የባላባቱን ስም ይጠራሉ። ከተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ አንዱም አይገኝም፤ መዝጋቢው ወጣት ሲቸግረው በአቅራቢያው ያለውን ከተማ መርጦ ያልፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጥፋት ይህ ነው፤ ዘሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና የርስቱ ክርክር ወረቀት የሚፈለጉት በዚያው አጥቢያ ነውና።

የእኛ ልማድ፣ ሰነዱ ወይም ተናጋሪው የሰጠውን ስም ሳይለውጡ በቦታው ረድፍ መጻፍ፣ የዛሬውን መጠሪያ በማስታወሻ ማከል፣ ካርታው ያመለከተውንም ሳይመረምሩ አለመቀበል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄድኮም ሰባተኛ እትም አንዱን የቦታ ስም በሌላ ቋንቋና ፊደል ጭምር ማያያዝ ስለሚፈቅድ፣ አማርኛውንና ላቲኑን አብሮ ማቆየት ይቻላል። የወንድምና የእኅቱ መዝገብ ዛሬ በካርታው አንድ ነጥብ ላይ ይገኛል፤ ስሞቹ ግን ሁለቱም እንዳሉ ናቸው።