ወደ ውጭ የሚሸሽ ዓይን፤ ስለ መንሸዋረር ታሪክ አጭር ጥናት

ሁለቱ ዓይኖቹ በአንድነት ወደ አንድ ቦታ የማይመለከቱለት ሰው በአማርኛ ሸውራራ ይባላል። ቃሉ ሲነገር ስድብ እንጂ የሕመም ስም አይመስልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባደጉ ሰዎች ላይ ስለሚታየው መንሸዋረር፣ ይኸውም አንደኛው ዓይን ወደ ጆሮ በኩል ስለሚሸሽበት ዓይነት፣ የቀድሞ ሰዎችና ሐኪሞች ምን እንዳሰቡ መመርመር ነው።

ለጥናቱ ያነሣሣኝ የአጎቴ ነገር ነው። አጎቴ በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከብዙ ዓመታት በፊት ግራ ዓይናቸውን እሾኽ ወግቷቸው ጠባሳ ጣለባቸው፤ ውሎ አድሮም ያ ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ዞረ። ከዚያ ወዲህ በገበያ የሚያገኛቸው ሰው «ሰላምታ ስሰጣቸው ወዲያ ያያሉ» እያለ ይቀየማቸው ጀመር፤ ቡዳ በልቷቸው ነው ያለም አልታጣም። እርሳቸውም ለሽምግልና ሲጠሩ መሄድ ተዉ።

ሰው ዓይን አይቶ ጠባይን መፍረዱ የቈየ ልማድ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 ከአሮን ዘር ዓይኑ ነውር ያለበት ሰው መሥዋዕት ሊያቀርብ እንዳይቀርብ ተከልክሏል። የሐዋርያት ቀኖና ግን፣ በግሪኩ አቈጣጠር በ77ኛው አንቀጽ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው በሌላው ሁሉ የተገባ ከሆነ ለጵጵስና እንዲሾም ይፈቅዳል፤ ምክንያቱም ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ እንጂ የአካል ጉድለት አይደለም ብሎ ነው።

ሐይቅ የጥንት የመጽሐፍና የሥዕል አገር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያጸኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1280–81 የተጻፈው፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት ነው። በኋላ ዘመን የአገራችን ሠዓሊዎች ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን ግን አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ በጎን የመሣል ደንብ አበጁ። ይህ ደንብ ስለ ሕመም የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይን የደግነት ምልክት ነው የሚለውን አሳብ በሕዝቡ ልብ ሳያጸና አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው እንለፍ። ዮሐን ፍሪድሪኽ ዲፈንባኽ የተባለው ቀዳጅ ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 26 ቀን 1839 በበርሊን ከተማ ዓይኑ ወደ አፍንጫው የዞረበትን የ7 ዓመት ልጅ ዓይኑን የሚስበውን ጡንቻ ቈርጦ አቃናው። ዝናው ፈጥኖ ተሰማ፤ ብዙ ሐኪሞችም ተከተሉት። ነገር ግን ጡንቻው ከመጠን በላይ ስለ ተለቀቀ ከታከሙት መካከል የብዙዎቹ ዓይን ኋላ ወደ ውጭ ዞረ። ስለዚህ ያደገ ሰው ዓይን ወደ ውጭ የሚሸሽበት አንዱ ምክንያት ራሱ ሕክምናው ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ስሕተት በመማር ሐኪሞች ጡንቻውን በዘፈቀደ መቍረጥ ትተው በልክ ወደ ኋላ መመለስንና ማሳጠርን አመጡ። አሜሪካዊው አለን ስኮት ደግሞ ያለ ቢላዋ ጡንቻን በመርፌ የሚያላላውን የቦቱሊነም መድኃኒት አስገኘ፤ እርሱም በአሜሪካ በ1989 ተፈቀደ።

ታዲያ የአጎቴ ዓይን ለምን ዞረ? እያንዳንዱ ዓይን በ6 ጡንቻዎች ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱን አስማምቶ የሚይዛቸው ግን አእምሮ ከሁለቱ የሚቀበለውን ምስል አንድ ማድረጉ ነው። አንዱ ዓይን ማየት ሲያቆም ይህ ማሰሪያ ይላላል፤ ያደገ ሰው ከሆነም ያ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ ያዘነብላል። እንግዲህ የዞረው ዓይን የትዕቢት ወይም የቡዳ ሳይሆን የጠፋ ብርሃን ምስክር ነው። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 ሰዎች 1.6 ያህሉ ዕውራን ሆነው ተገኝተዋል፤ ከምክንያቶቹም የዓይን ሞራ ግማሽ ያህሉን፣ የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶውን ይይዛሉ። እነዚህ ሕመሞች አንዱን ዓይን ብቻ ሲያጠፉ ዓይኑ ሊዞር ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፤ የዞረን ዓይን ከማቃናት በፊት ለምን እንደ ዞረ መመርመር ይገባል። ምክንያቱ የዓይን ሞራ እንደ ሆነ ብርሃኑ ሊመለስ ይችላል፤ ጠባሳ ያጠፋው ዓይን ግን ቢቃናም አያይም፣ ከጊዜ በኋላም ተመልሶ ሊሸሽ ይችላል። ዓይኑ በድንገት ዞሮ ሰውየው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ቢያይ፣ ይልቁንም ሽፋኑ ቢወድቅ፣ የነርቭ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ሕክምና ባልደረሰበት ቦታም ሊደረግ የሚቻል ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ለቤተ ዘመድ ይህንኑ ባስረዳሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያስ በቀኝ በኩል እንቀመጥላቸው» አሉ። አጎቴ በዚያ ሳምንት ለእርቅ ተጠሩ፤ ሄዱም።