ስለ ቀላል የኤሌክትሪክ ጨዋታ ሰርኩቶች አሠራርና ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም ከቀድሞ ጀምሮ የመንገድ ከተማ ናት። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ያለፈው በዚሁ በኩል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሐዲዱ ጋራ የቴሌግራም ሽቦ ተዘረጋ። በ1960 ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራውን ጀመረ። ይኸው መንገድ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፎ ወለንጪቲ ያደርሳል። ለዚህ ጥናት ያነሣሣንም ወለንጪቲ ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ ነው።

በ2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት በወለንጪቲና በወንጪ ትምህርት ቤት ባልነበራቸው መንደሮች፣ በየመንደሩ ለ20 ያህል ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በታሸገ ሣጥን አድርጎ ያለ አስተማሪ ተወላቸው። የድርጅቱ መሥራች ሚስተር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያ ማጥፊያውን አገኘ፤ በ5 ወር ውስጥም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱት። ነገሩ በብዙ ጋዜጦች ተደነቀ። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ማብሪያውን የተጫነው ልጅ በውስጡ ምን እንደ ተደረገ የሚያውቅበት መንገድ አለ ወይ? ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጉድጓዶቹን ራሱ ይቆፍራል፤ ጠጠሩንም ራሱ ይለቅማል። ስለዚህ ከጨዋታው የተሰወረበት ነገር የለም።

ሰርኩት ማለት ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ ወደ ባትሪ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ነው። መንገዱ ሲገጥም አምፑሉ ይበራል፤ ሲቋረጥ ይጠፋል። የቴሌግራም ሥራም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጨዋታ ለመሥራት ግን ሰርኩቱ አንድ ነገር ይዞ መቆየት፣ ማለትም ማስታወስ፣ አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ሪሌይ ነው። ሪሌይ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ አንዲት የብረት ምላስ ይስባል፤ ምላሷም ስትሳብ አንዱን መንገድ ትገጥማለች፤ ሌላውን ትቆርጣለች።

በጥያቄና መልስ ውድድር «ማን ቀደመ?» የሚለውን የሚፈርደውን መሣሪያ እንውሰድ። ሁለት ተጫዋቾች አሉ እንበል፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ መጫኛ፣ አንድ አምፑልና አንድ ሪሌይ ይሰጣቸዋል። የአንደኛው ኤሌክትሪክ ወደ ሪሌዩ ከመድረሱ በፊት በሁለተኛው ሪሌይ ምላስ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የሁለተኛውም እንዲሁ በአንደኛው በኩል ያልፋል። አንደኛው ቀድሞ ሲጫን ሪሌዩ ሦስት ነገር ይሠራል። አምፑሉን ያበራል፤ የባላጋራውን መንገድ ይቆርጣል፤ በመጫኛው አጠገብ ሌላ መንገድ ገጥሞም ጣት ቢነሣ እንኳ ራሱን ስቦ ይይዛል። ዳኛው የባትሪውን መንገድ ለጥቂት ጊዜ እስኪቆርጠው ድረስ ፍርዱ አይለወጥም።

ኤክልስና ጆርዳን የተባሉ እንግሊዛውያን በ1918 ይህንኑ ሐሳብ በሁለት የራዲዮ አምፑሎች ሠሩት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላውን ያፍናል። እንዲህ ያለው ጥንድ በየምቱ ሁኔታውን እንዲለዋውጥ ተደርጎ ከሌላ ጥንድ ጋራ ሲቀጠል፣ ተከታዩ የሚለወጠው የፊተኛው ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ነው፤ ስለዚህ ይቈጥራል። አራት ጥንዶች ከ0 እስከ 15 ይቈጥራሉ። በ1972 አለን አልኮርን የሠራው ፖንግ የተባለው የቴሌቪዥን ጨዋታ በመሠረቱ የእነዚህ ቈጣሪዎች ስብስብ ነበር፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም አልነበረውም። የቴሌቪዥኑ ጨረር ስክሪኑን ሲጠርግ ቈጣሪዎቹ የደረሰበትን ቦታ ይቈጥራሉ፤ ቊጥሩ ከኳሷ ቦታ ጋራ ሲገጥም ነጭ ነጥብ ይበራል።

ፊተኛነቱ የማን እንደ ሆነ ግን አከራክሯል። ዊልያም ሂጊንቦታም በ1958 በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ለጎብኚዎች የቴኒስ ጨዋታ በኦሲሎስኮፕ ላይ አሳይቶ ነበር፤ የባለቤትነት መብት ግን አልጠየቀበትም። ራልፍ ቤየር ጠየቀ። የእርሱን ሥራ ኦዲሲ ብሎ በ1972 ለገበያ ያወጣው ማግናቮክስ በ1974 የፖንግን ሠሪ አታሪን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ1976 በስምምነት አለቀ። በእኛ አስተያየት በሕግ ቤየር ቢረታም፣ የታሪክ ጸሐፊ ሂጊንቦታምን መዝለል አይገባውም።

ወደ ወለንጪቲ ስንመለስ፣ ልጆቹ የከፈቱት ፕሮግራሙን እንጂ ሰርኩቱን አልነበረም። ሊከፍቱትም አይችሉም፤ የታብሌት ትራንዚስተር በዓይን አይታይም። ስለዚህ ለጀማሪ የሚበጀው ምላሷ ስትሳብ «ቀጭ» የምትለው ሪሌይ ናት እንላለን፤ አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ጋራዥ ትገኛለች፤ የመኪና ባትሪም ያንቀሳቅሳታል።

ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ቅጽበት ቢጫኑስ? ሁለቱም ምላሶች መሳብ ይጀምራሉ፤ አንዱ የሌላውን መንገድ ሊቆርጥ ይሽቀዳደማሉ። ፍጹም እኩል ከሆኑ ሁለቱም ተቆራርጠው ይመለሳሉ፤ እንደገናም ይሳባሉ፤ መሣሪያውም አንዱ በጥቂት እስኪቀድም ድረስ እንደ ንብ ያንዛዝዛል። ያን ጊዜ የሚፈርደው የምላሷ ክብደትና የሞላዋ ጥንካሬ ነው።